ሙሉቀን ሰባት ቤት የቆጠረ ዕለት

ባለፈው እሑድ ልጄ ሕይወት ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ጫፉ ደመና የነካ ተራራ፣ ጀርባው ላይ ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ቤቶች፣ ከሥራቸው እንደ ደረጃ የወረዱ እርከኖች። በፍርስራሹ መካከል ቦርሳ ያዘሉ፣ አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ ወጣቶች ቆመው ይስቃሉ። አገሩ ፔሩ ነው አለችኝ። ኢንካ የሚባሉ ሕዝቦች በጥንት ዘመን የሠሩት ከተማ ነው። ልጆቹ ሀብታሞች አይደሉም፤ ርካሽ አልጋ እየፈለጉ፣ ደረቅ ዳቦ እየገመጡ፣ በእግራቸው ወጥተው ነው የሚያዩት። እንደነሱ መሄድ የሚፈልግ ምን ምን መያዝ እንዳለበትም ከፎቶው ሥር ተጽፏል።

«ድንች እኮ ከዚያ አገር ነው የመጣው፤ ታውቃለህ አባዬ?» አለችኝ።

«ድንቹን ተዪው» አልኋት። ድምፄ ከረር ሳይል አልቀረም መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? እሷ ስለ ድንች ስታወራ እኔ የታየኝ ጉና ሥር አንድ ቤት ውስጥ፣ ገበታ ላይ እንደቀረበ የቀዘቀዘ ድንች ነው። ይህን ደግሞ ነግሬያት አላውቅም።

«አንተስ በወጣትነትህ እንዲህ ያለ ቦታ ሄደህ ታውቃለህ?»

ሄጃለሁ። የእኛ ፔሩ ሩቅ አይደለም። በጉና ተራራ ወገብ ላይ፣ ግንብ ሥር ከምትባል መንደር አናት፣ የፈረሰ የንጉሥ ግንብ አለ። የትኛው ንጉሥ እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ ሰው ሁሉ ለሚወደው ንጉሥ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ እኔና ሙሉቀን ደብረ ታቦር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እኔ የታሪክ ነገር ሲነሣ የማያስችለኝ፣ አንድ ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካየሁ ማን አስቀመጠው ብዬ የማልተኛ ልጅ ነበርሁ። ግንቡን ለማየት የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት በጉጉት ስጠብቅ ሙሉቀን አብሬህ እሄዳለሁ አለኝ።

«ደግሞ አንተ ለግንብ ምን አገባህ?» አልሁት። በታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋ ልጅ ነበር።

«አንተ ድንጋዩን እይ። እኔ ሰው ፍለጋ ነው የምሄድ» አለኝ።

ሙሉቀን እናቱ በሕፃንነቱ ሞተዋል፤ ያሳደጉት አባቱ አያ ዘለቀ ናቸው። አያ ዘለቀ ግንበኛ ነበሩ። የግንብ ሥር ተወላጅ ሲሆኑ በጎረምሳነታቸው ከአባታቸው ጋር ተጣልተው አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ስለ አገራቸው ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት «ከቤታችን ደጃፍ ቆመህ ቀና ስትል ግንቡ ይታያል» ብለው ነው። ለልጃቸው ያወረሱት ቤት የለም፣ ከብት የለም። የአባቶቹን ስም ግን አስጠንተውታል። ማታ ማታ የኖራ እጃቸውን እየታጠቡ «በል ቁጠር» ይሉታል፤ ልጁም እስከ ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። እኔ የእንግሊዝኛ ግስ ስሸመድድ እሱ አያቶቹን ይሸመድድ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጉዞ በፊት በነበረው ክረምት አያ ዘለቀ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሥጋ ዘመድ የቆመ ሙሉቀን ብቻ ነበር። በእኛ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ግማሽ ሰው ነው፤ በዓል ሲመጣ ይታወቃል። ገናን እኛ ቤት በላ፣ ግን በላ ለማለት ያህል ነው። ግንብ ሥር ያለችው የአባቱ ብቸኛ እህት አትጠገብ ወንድሟ መሞቱን አልሰማችም። ሙሉቀን የመርዶ ነገር እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ደጅ ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። እሱም የመንደሩን ሽማግሌዎች ለምኖ በወጉ ሊያስነግራት፣ ከዚያም አብሯት ሊያለቅስ ነው የሚሄደው። «ካለቀስን በኋላ አክስት ይኖረኛል» አለኝ። እንዲህ ነበር ያለው፣ አልረሳውም።

ጥር ሊያልቅ ሲል ተነሣን። እነሕይወት የሚያዩት ቦርሳ ስንት ኪስ አለው! የእኛ አፉ በገመድ የታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ ገመዱ ትከሻ ይበላል። ውስጡ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጥቂት ቃሪያና አንድ ጋቢ ለሁለት። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ። አያ ዘለቀን የሚያውቅ የአሸዋ መኪና ሾፌር እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በነፃ ጭኖን፣ አቧራ ጠጥተን ወረድን። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። ገብሱ ታጭዶ አገሩ ቢጫ ገለባ ሆኗል፤ አውድማው ላይ የመጨረሻው ጭድ ይነሣል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ዛፉ እያነሰ ብርዱ እየበረታ ሄደ። ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፣ ኮንጎው ደግሞ ይንሸራተታል። ሙሉቀን እየሄደ ያንጎራጉር ነበር። ልጁን ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ መርዶ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አይመስልም።

ያን ዓመት መሬት እንደገና ሊለካ ነው፣ ከዚህ ተነሥቶ ለዚያ ሊሰጥ ነው እየተባለ ገጠሩ የሚታመስበት ዓመት ነበር። እኛም ሰምተናል። የከተማ ልጅ ግን ወሬን ከጉዳይ አያገናኝም፤ መንገድ ላይ ያገኘናቸው ገበሬዎች ለምን እንደዚያ ከረጢታችንን እንደሚመረምሩ አልገባንም።

ግንብ ሥር የደረስነው ፀሐይ ስትቆለቁል ነው። ግንቡ ከላይ ታየን፤ አንድ የቆመ ቅስት፣ በሁለት በኩል የተናደ ግድግዳ። እኔ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። ሙሉቀን ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ቤት ነው የሚገባ ብሎ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ትልቅ ቤት ወሰደኝ። ደጃፉ ላይ አንድ ሽበታም ሰው እርፍ ይጠርባሉ። ስማቸው አያ ፈንታ ነው፤ በኋላ እንዳየነው በመንደሩ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው።

«እንደምን ዋላችሁ አባቴ፤ የመሸብን እንግዶች ነን፣ ብታሳድሩን» አለ ሙሉቀን።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ እንጂ፤ ምነው ደጅ ቆማችሁ?» አሉ፣ መጥረቢያቸውን ጥለው።

ቤቱ ሞቃት ነበር። በጎቹ በአንድ ወገን ገብተዋል፣ እሳቱ ይንቀለቀላል፣ አጥሚት የመሰለ የገብስ ጠላ ተቀዳልን። የቤቱ እመቤት ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅለው ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር በገበታ አቀረቡ። ትልቋ ልጃቸው ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ መጥታ ተንበረከከች። እኔ አፈርሁ፤ ከተማ ውስጥ እግሬን ያጠበኝ ሰው የለም። እምቢ ስል አያ ፈንታ ሳቁብኝ።

«እግዜር ያመጣው እንግዳ እግሩ ይታጠባል። አርፈህ ታጠብ ልጄ።»

ታጠብሁ። ልጅቷ ወደ ሙሉቀን ዞራ ግራ እግሩን ስትጀምር አያ ፈንታ እንደ ወጉ ጠየቁን።

«ለመሆኑ የማን ልጆች ናችሁ?»

እኔ ግንቡን ለማየት የመጣሁ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ አልሁ።

«እሱማ የከተማ ስም ነው። ከተማ ይወልዳል እንዴ?» ብለው ቤቱን አሳቁት። ሙሉቀን ግን ለዚህ ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ተዘጋጅቷል። ቀና ብሎ ተቀመጠ። አሁን ሳስበው አባቱ ፊት የተቀመጠ ይመስል ነበር።

«እኔ ሙሉቀን ነኝ። የዘለቀ ልጅ። ዘለቀ የአድማሱ፣ አድማሱ የቢተው፣ ቢተው የረታ፣ ረታ የክንፉ፣ ክንፉ የወርቄ፣ ወርቄ የደስታ። አገራችን እዚሁ ነው፤ ከግንቡ ግርጌ፣ ወይራው ያለበት ማሳ።»

አንድም ሳይስት ነው የጨረሰው። እኔ ኮርቼበት ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልሳቀም። የቤቱ እመቤት ጭልፋውን እንደያዙ ቆመዋል። አያ ፈንታ እሳቱን አዩ፣ ልጁን አዩ።

«ወይራው ያለበት ነው ያልኸው?»

«አዎ። አባቴ እንደነገረኝ ደጃፉ ላይ ሆነው ቀና ሲሉ ግንቡ ይታያል።»

«በቃሽ» አሉ አያ ፈንታ ልጃቸውን። ልጅቷ ግራ ገብቷት አባቷን አየች፤ የሙሉቀን ግራ እግር በእጇ ላይ ነበር። ከዚያ እግሩን ቀስ ብላ አስቀምጣ ገበቴውን አነሣችና ወጣች። ቀኝ እግሩ ከነአቧራው ቀረ።

ከዚያ በኋላ «ብሉ እንጂ»፣ «በሞቴ» ያለን የለም። ድንቹ እንደቀረበ ቀዘቀዘ። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ ውጭ ከሰው ጋር ሲንሾካሾኩ ይሰማል። አላባረሩንም፤ እንግዳ አይባረርም። መደብ ላይ ቆዳ ተነጥፎልን፣ ሁለታችንም ምን እንዳጠፋን ሳናውቅ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን አደርን።

ጠዋት ስንወጣ ከደጃፉ በታች ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሙሉቀን ለመርዶው የተሰበሰቡ መስሎት ፊቱ በራ። እንዴት ሊሆን ይችላል? ስለ ሞት ገና ለማንም አልተናገረም።

አንዱ ሽማግሌ ጀመሩ። «ልጄ፣ ትውልድ የሚቆጠረው ለሦስት ነገር ነው። ለጋብቻ ነው፣ ለደም ነው፣ ለርስት ነው። አንተ ልጃገረድ አልጠየቅህ። ጠመንጃም አልያዝህ። መሬት ሊለካ ነው በሚባልበት ሰሞን መጥተህ እስከ ደስታ ድረስ ከቆጠርህ ሌላ ምን ልትለን ነው?»

«መሬት አልፈልግም!» አለ ሙሉቀን። «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ማረስም አላውቅ። አክስቴን ነው የምፈልግ።»

«ሰባት ቤት ቆጥሮ መሬት የማይፈልግ ሰው አይተን አናውቅም» አሉ አያ ፈንታ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው። ያዩትን ነው የተናገሩት። በኋላ እንደገባኝ ደግሞ ደስታ የሙሉቀን ብቻ አያት አልነበረም፤ ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ከእሱ የተቆጠሩ ናቸው። በዘመዶቹ መካከል ቆሞ ነበር ዘመድ የሚለምነው።

አትጠገብን ጠሯት። እኔ ለትልቅ ሰው አንቱ ማለት ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህችን ሴት ግን «እሳቸው» ልላት አፌ አይታዘዘኝም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉንጯ በብርድ የጠቆረ ሴት ናት። አፍንጫዋ የአያ ዘለቀ አፍንጫ ነው፤ ሙሉቀንም ያንኑ ይዟል። ዕውር እንኳ በዳሰሳ ይለየው ነበር።

«አትጠገብ፣ ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ? የዘለቀ ልጅ ነኝ ይላል።»

ፊቱን አላየችውም። «ወንድሜ አገር ጥሎ ሲሄድ ልጅ አልነበረውም» አለች። «ወይራው ያለበትን የሱን ድርሻ ያረስሁ እኔ፣ የገበርሁ እኔ። ልጅ ቢኖረው አይልክብኝም ነበር?»

«እቴ፣ እኔን ይዩኝ» አለ ሙሉቀን። ያሰበው ሥርዓት፣ ሽማግሌው፣ ማለዳው ሁሉ ጠፋበት። «መሬትዎን አልነካም። አባቴ እኮ ሞቷል። መርዶ ይዤ ነው የመጣሁ።»

እጇ ተነሣ። ደረት ሊመታ የተነሣ እጅ ነበር፤ እኔ ከፊት ለፊቷ ስለቆምሁ በደንብ አይቼዋለሁ። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያዩዋታል። ካለቀሰች የወንድሟን ሞት ከልጁ አፍ አምና ተቀበለች፤ ያን ካመነች ልጁንም አመነች፤ ልጁን ካመነች ወይራው ያለበት ማሳ ሄደ። ይህን ሁሉ እዚያው ቆማ ስታስላው አየኋት።

«ሚካኤልን፣ አላውቀውም» አለች።

ነገሩ በዚያው አለቀ። በእኛ አገር ከማለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ሽማግሌዎቹ ቂጣቸውን አራግፈው ተነሡ፤ አያ ፈንታም «በሉ ፀሐይ ሳትበረታ ውጡ፤ ግንቡን ልታዩ አይደል የመጣችሁ?» አሉን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ንግግር ነው። ደግ ለመሆን ነበር የፈለጉት።

ግንቡን አየሁት። ስንት ዓመት የተመኘሁትን ነገር ተናድጄ አየሁት። ቅስቱ እንደ ቆመ ነው፣ ኖራው ዛሬም እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ በግድግዳው ቀዳዳ እርግቦች ይገባሉ ይወጣሉ። የተናደውን ድንጋይ መንደርተኛው ወስዶ የበግ ጉረኖ አጥሮበታል። ሙሉቀን ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና «አባቴ ኖራ እንዲህ ነበር የሚያቦካ» አለ። ከዚያ ለንጉሡ ጀርባውን ሰጥቶ አፋፉ ላይ ተቀመጠ።

ከደጃፍ ሆኖ ግንቡ ይታያል አልነበር? ከግንቡም ሆኖ ደጃፉ ይታያል። ወይራው፣ ማሳው፣ የሣር ክዳኑ። አትጠገብ ከቤት ወጥታ ደጃፏ ላይ ቆመች። ብቻዋን ናት። ቀና ብላ ወደኛ ማየት ጀመረች፤ ቆየች፣ ወደ ውስጥም አልገባችም። ሙሉቀን ተነሥቶ እጁን አነሣላት። ያኔ ገባች። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ከሩቅ ተሰማን።

«ወንድሟ ሞቶ አላለቀሰችም» አለ ሙሉቀን። በመልሱ መንገድ ወንዝ ስንሻገር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቀኝ ጫማውን ብቻ አወለቀ። «ይኸኛው ቀርቷል» ብሎ እግሩን አጠበ። ልስቅ አልሁና ፊቱን አይቼ ተውሁት።

ከዚያ ወዲያ ሙሉቀን የአባቶቹን ስም ሲቆጥር አልሰማሁትም። መምህር ሆነ፣ አልማዝን አገባ፣ ልጅ ግን አልወለዱም። ሠርጉ ላይ በሙሽራው ወገን የቆምነው እኔና የሥራ ባልደረቦቹ ነን። ሰው «አገርህ የት ነው?» ሲለው «ደብረ ታቦር» ይላል። ከተማ አይወልድም ያሉት አያ ፈንታ ትዝ ይሉኝ ነበር።

ካቻምና ሕመም ጣለውና ሞተ። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የጎበጠች አሮጊት ምርኩዝ ይዛ ገባች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው። ያወቃት የለም። እኔ ግን አፍንጫዋን አውቃለሁ፤ መርዶው እንዴት እንደደረሳት ብቻ አላወቅሁም። ድንኳኑ መሐል ቆመች፣ ያን ጊዜ መንገድ ላይ የቀረው እጅ ተነሥቶ ደረቷን መታ።

«ወንድሜ ዘለቀ እርምህን ሳላወጣ፣
በልጅህ ድንኳን ውስጥ ልቅሶህ ዛሬ መጣ።»

እያለች ቆጠረች። ከላይ ወደ ታች። ደስታ ወርቄን ወለደ፣ ወርቄ ክንፉን፣ ክንፉ ረታን፣ ረታ ቢተውን፣ ቢተው አድማሱን፣ አድማሱ ዘለቀን፤ ዘለቀ ሙሉቀንን። አንድም አልሳተችም። ልክ እንደ እሱ። ሴቶቹ አብረው አነቡ፤ እንዲህ ያለ ባለ ዘር ሰው መሆኑን አናውቅም ነበር እያሉ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። አሁን ቆጠርሽ? አሁን፣ መሬት የማይጠይቅ ሲሆን? ልላት ያሰብሁትን ለድንኳኑ ገመድ ነገርሁት።

ስመለስ አልማዝ ሙቅ ውኃ አስመጥታ ከአሮጊቷ ፊት ተንበርክካለች። ሙሉቀን ሁሉንም ነግሯታል፤ የማንን እግር እንደምታጥብ ታውቃለች። ግራውን አጠበች፣ ቀኙንም አጠበች፣ በነጠላዋ አደረቀች። አትጠገብ ውኃውን እያየች ታለቅሳለች። አልማዝ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰው ሁሉ ደግነቷን አደነቀ። እኔ ግን ከዚያ የከፋ ቅጣት አይቼ አላውቅም፤ ይቅርታ ይሁን ቅጣት ዛሬም አልማዝን ደፍሬ አልጠየቅኋትም።

ይህን ሁሉ እሑድ ዕለት ለሕይወት ነገርኋት። ስልኳ ጭኗ ላይ ጠፍቶ ሰማችኝ። ሲያልቅ «እኔንስ ለምን አላስቆጠርኸኝም? እኔ ከአያቴ በላይ አላውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አባቴ ያስቆጠረኝን ትንሿን እንኳ እኔ ለልጆቼ አላስተላለፍሁም፤ ሆን ብዬ ነው። ስም ተሸክማ ሄዳ በማን ደጅ ላይ እንደምትቆም አላውቅማ።

«ገንዘብ ካጠራቀምሁ እዚያ ተራራ እሄዳለሁ» አለች፣ ስልኩን መልሳ እያበራች። ልጆቹ አሁንም ፍርስራሹ መሐል ቆመው ይስቃሉ።

«ሂጂ» አልኋት። «እዚያ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።»